የታተመ ኖታና የተጫዋቹ አደራ

(በቶጎጫሌ ለሙያ ማኅበራችን አባላትና ለአካባቢው እንግዶች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ቻምበር ሙዚቃን ስንጫወት ለታተመው ኖታ ምን ያህል ታማኝ መሆን ይገባናል የሚል ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲሰማ ከዚህ ከተማ ኑሮ የራቀ ይመስላል። ቶጎጫሌ በጅጅጋና በሐርጌሳ መካከል የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት፤ ስሟም ከሸቀጥ፣ ከጭነት መኪናና ከከብት ንግድ ጋር እንጂ ከቫዮሊንና ከቼሎ ጋር ተያይዞ አይነሣም። ይሁን እንጂ ለዚህ አሳብ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ የጉምሩክ ከተማ በመሆኑ፣ የተጫነው ዕቃና የተጻፈው ሰነድ መስማማት እንዳለባቸው ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ይህ የሶማሊ ግጥም አገር በመሆኑ፣ የሌላውን ሰው ሥራ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለሰሚ የማድረስ ሥርዓት እዚህ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

፩. ያለ መሪ የሚጫወቱ ሰዎች ዳኛ

ቻምበር ሙዚቃ የምንለው ጥቂት ተጫዋቾች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ብቻቸውን ይዘው፣ ያለ መሪ የሚጫወቱትን ሙዚቃ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው በመጀመሪያ የተደረሰው ለእልፍኝ እንጂ ለትልቅ አዳራሽ አልነበረም። ከዓይነቶቹ ሁሉ ዋነኛው ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ የሚገኙበት ኳርቴት ነው። ዮሴፍ ሃይድን በ1781 ኦፐስ 33 የተባሉትን ስድስት ኳርቴቶች ደረሰ፤ ሞዛርት ደግሞ በ1785 ስድስት ኳርቴቶች አሳትሞ ለሃይድን በስጦታ አበረከተ። አራቱ መሣሪያዎች እንደ አራት አስተዋዮች እየተነጋገሩ የሚሄዱበት አጻጻፍ ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ ጸንቶ ቆየ።

በኦርኬስትራ ውስጥ አንዱ ቫዮሊን ቢሳሳት የጓደኞቹ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ አሳብ ቢለያይም መሪው ይወስናል። በኳርቴት ውስጥ ግን ሸፋኝም ወሳኝም የለም። አንዱ «ይህን ቦታ እናፍጥነው» ሲል ሌላው «የለም እናዘግየው» ቢል ማን ይፈርዳል? በዕድሜ የሚበልጠው ነውን? ወይስ ጎላ አድርጎ የሚናገረው? አራቱም እኩል የሚያምኑት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እርሱም በፊታቸው የተዘረጋው ኖታ ነው። ስለሆነም በቻምበር ሙዚቃ የታተመ ኖታ አምስተኛ ሰው ሆኖ በመካከላቸው ይቀመጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። ደራሲው በቦታው የለም፤ ብዙውን ጊዜም ከሞተ ቆይቷል። ለራሱ መናገር የማይችል ሰው በወረቀት ላይ የተወው ቃል ደግሞ በእኛ ባህል አንድ ስም አለው፤ ይኸውም አደራ ነው።

፪. ትንሿ ምልክት

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ሞዛርት በ1782 መጨረሻ የፈጸመውን የጂ ሜጀር ኳርቴት እንመልከት። ሁለተኛው ክፍል ሚኑዌት ነው። ሚኑዌት በሦስት በሦስት ምት የሚሄድ ዳንስ ነው። ሞዛርት ግን በግማሽ ድምፅ ደረጃ በደረጃ በሚሄድ አንድ መሥመር ላይ ለአንዱ ኖታ «ለስላሳ»፣ ለተከታዩ «በጉልበት»፣ እንደገና «ለስላሳ»፣ እንደገና «በጉልበት» እያለ በየኖታው ምልክት አኑሯል። ውጤቱም ጆሮ ሦስት ምት እየጠበቀ ሁለት ሁለት ምት መስማቱ ነው፤ ዳንሱ ሆን ተብሎ ይደነቃቀፋል።

ይህን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተጫዋች ምልክቶቹን ማለዘብ ይቃጣዋል። ቢያለዝባቸው መሥመሩ አምሮ ይፈስሳል፤ ሰሚውም አይቀየምም። ነገር ግን ሞዛርት ሊል የፈለገው ነገር ከነጭራሹ ይጠፋል፤ በምትኩ ማንም ሊጽፈው የሚችል ለዛ ያለው ዳንስ ይቀራል። እንግዲህ ለኖታ ታማኝ የመሆን የመጀመሪያው ትርጉም ይህ ነው፤ የማይጥመንን ወይም የከበደንን ምልክት ከመሰረዛችን በፊት ደራሲው ለምን እንደጻፈው መጠየቅ።

ደራሲዎቹ ራሳቸው ለዚህ ነገር ምን ያህል ይጨነቁ እንደነበር ቤትሆቨን ምስክር ነው። በ1825 ለካርል ሆልትስ በጻፈው ደብዳቤ የአንድ ኳርቴት ኖታ ሲገለበጥ ማያያዣ መሥመሮችና ነጥቦች ከቦታቸው መዛወራቸውን አንሥቶ በብርቱ አሳስቧል። ሆልትስ ራሱ የኳርቴት ቫዮሊን ተጫዋች ነበርና ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠፋውም። ማያያዣ መሥመር በአንድ የቀስት ስበት ስንት ኖታ እንደሚነገር ይወስናል። ሦስቱ ተጫዋቾች ሲያያይዙ አራተኛው ቢነጥል፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በሁለት ዓይነት ሥርዓተ ነጥብ እንደማንበብ ይሆናል።

፫. ወረቀቱ የማይናገረው

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ «ወረቀት ሙዚቃ አይደለም፤ የተጻፈውን ብቻ የሚጫወት ሰው ከመኪና በምን ይለያል?» የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው። በኳርቴት ውስጥ ለአራቱም «ለስላሳ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ዜማውን የያዘው ቪዮላና አጃቢው ሁለተኛ ቫዮሊን በእኩል ልስላሴ ከተጫወቱ ዜማው ይሰጥማል። አንድ ቃል በአራት ሰዎች እጅ አራት ልክ አለው፤ ልኩን የሚሰጠውም ጆሮ እንጂ ወረቀት አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማ የራሱ ምልክት አለው። በትውፊት መሠረት ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ዓይነቶች ያስገኘው በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። የድጓውን ምልክት ሥርዓት ያስያዙት ደግሞ ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸው ይነገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ከቃላቱ በላይ ተጽፈው ድምፅ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ ያመለክታሉ።

ይሁን እንጂ ድጓን በመጽሐፍ ብቻ የተማረ መሪጌታ የለም። ተማሪው ዓመታት ሙሉ ከመምህሩ አፍ ይሰማል፤ መጽሐፉ ደግሞ የሰማውን ይጠብቅለታል። ምልክቱ ያለ መምህር ድምፅ ዲዳ ነው፤ የመምህሩ ድምፅም ያለ ምልክቱ በትውልድ መካከል ይሸረሸራል። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የተባሉት የዜማ ስልቶች መለያየታቸውም አንድ መጽሐፍ በተለያየ ትምህርት ቤት የተለያየ ልሳን ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል። ግን ከእነዚህ ስልቶች መካከል አንዱም «ቃሉን እንዳሻን እንለውጠው» አይልም። በዚህ አካባቢ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆችም በተመሳሳይ መንገድ ያልፋሉ። ፊደሉና የማረፊያ ምልክቱ ተጽፎላቸዋል፤ የተጅዊድን ሥርዓት ግን ከመምህራቸው አፍ ይቀበላሉ።

የአውሮፓ ኖታም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሃይድን ኖታውን የጻፈው በዘመኑ የነበረውን የአጨዋወት ልማድ ለሚያውቁ ሰዎች ነበር። ስለዚህ ያልተጻፈው ሁሉ ለተጫዋቹ ፈቃድ የተተወ ባዶ ቦታ ነው ማለት ስሕተት ነው። ከፊሉ ደራሲው «ይህንንማ ያውቁታል» ብሎ የተወው ነው። ታማኝ ተጫዋች የተጻፈውን ይፈጽማል፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ከዘመኑ፣ ከመምህርና ከጆሮው ይፈልጋል።

፬. የታተመ ሁሉ እውነት ነውን?

ሌላም ችግር አለ። ለኖታው ታማኝ እንሁን ስንል ለየትኛው ኖታ ማለታችን ነው? ማተሚያ ቤትም ይሳሳታልና።

«ኦፐስ 3» በሚል ስም የሚታወቁት ስድስት ኳርቴቶች ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የሃይድን ሥራዎች ተብለው ታትመዋል፤ ተጫውተዋልም። ከመካከላቸው «ሴሬናድ» የተባለው ክፍል በዓለም ዙሪያ በእጅጉ የተወደደ ነው። በ1964 ግን ሁለት ተመራማሪዎች የጥንቱን እትም መርምረው የሮማን ሆፍሽቴተር ስም በሕትመቱ ላይ ተቀርጾ እንደነበረ አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዎቹ የእርሱ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይታመናል። አሳታሚ ዝነኛውን ስም ሲያኖር የደራሲው ድካም ለሌላ ተሰጠ ማለት ነው።

የሹበርት ጉዳይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሹበርት ኖታን አጽንዖ ለመምታት የሚጽፈውን ምልክት ረዘም ስለሚያደርገው፣ ድምፅን ቀስ በቀስ ከማክሰም ምልክት ጋር ይምታታል። በ1828 የደረሰው የሲ ሜጀር ኪንቴት የታተመው በ1853፣ ደራሲው ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነው፤ በእጁ የጻፈው ቅጂም ጠፍቷል። በዚህ ምክንያት የሥራው የመጨረሻ ኖታ በጉልበት ይመታ ወይስ እየከሰመ ይሂድ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም።

አንዳንድ ጊዜም ደራሲው ራሱ ሁለት ቃል ይተዋል። ቤትሆቨን ኦፐስ 130 የተባለውን ኳርቴት በታላቁ ፉጋ ፈጽሞት ነበር፤ በመጋቢት 1826 ለሕዝብ የቀረበውም እንዲሁ ነው። ፉጋው ለሰሚና ለተጫዋች ከባድ ሆኖ ስለተገኘ በአሳታሚው አሳብ ሌላ መጨረሻ ጻፈለት፤ ፉጋውም ኦፐስ 133 ተብሎ ለብቻው ታተመ። ሁለቱም የቤትሆቨን ቃል ናቸው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ክሕደት አይደለም፤ የትኛውን እንደመረጡ ለሰሚ አለመንገር ግን ጉድለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ለኖታ ታማኝ መሆን ለወረቀቱ መስገድ አለመሆኑን ነው። በየትምህርት ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የኖታ ኮፒ ብዙውን ጊዜ የአሮጌ እትም ቅጂ ነው። በዚያ እትም ላይ የሚታየው የቀስት ምልክት፣ የጣት ቁጥርና የጉልበት ምልክት ከፊሉ የደራሲው ሳይሆን የአንድ አራሚ ነው። ተማሪው ሁሉንም በእኩል አክብሮት ሲፈጽም ሞዛርትን ያከበረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚታዘዘው ከሞዛርት መቶ ዓመት በኋላ ለኖረ ሌላ ሰው ነው። በ1948 የተቋቋመው የሄንሌ ማተሚያ ቤትና መሰሎቹ የደራሲውን ጽሑፍ ከአራሚው ጭማሪ ለይተው የማቅረብን ሥራ ዋና ተግባራቸው ያደረጉት ስለዚህ ነው።

፭. የአስተናጋጆቻችን ትምህርት

በአማርኛ «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። በዚህ አገር ግን ይህ ተረት ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የሶማሊ ቋንቋ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ሥርዓት በሶማሊያ በይፋ የታወጀው በ1972 ነው። ከዚያ አስቀድሞ ረጃጅሞቹ የገበይ ግጥሞች ሲተላለፉ የኖሩት በቃል ያዦች አማካይነት ነበር። አንድርዜየቭስኪና ሉዊስ ስለ ሶማሊ ግጥም በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ ቃል ያዡ ግጥሙን ቃል በቃል እንዲያደርስ ይጠበቅበታል፤ የደራሲውንም ስም አስቀድሞ ይናገራል። የሌላውን ግጥም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

ከዚህም በላይ ግጥሙ ራሱን የሚጠብቅበት መሣሪያ አለው። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት እየተደጋገሙ ይሄዳሉ። አንድ ሰው ቃል ረስቶ በሌላ ቢተካ ሰሚው ወዲያውኑ ያውቅበታል። ምጣኔውም እንዲሁ ጥብቅ ነው። የምጣኔውን ሕግ መሐመድ ሐሺ ዳማ «ጋሪዬ» በ1976 በጽሑፍ እስኪያብራራ ድረስ ገጣሚውና ሰሚው ሕጉን በጆሯቸው ብቻ ጠብቀውት ኖረዋል።

ኳርቴትም በዚሁ ዓይነት ይጠበቃል። የሁለተኛው ቫዮሊን መሥመር ከቪዮላው፣ የቪዮላው ከቼሎው ጋር ስለተሸመነ፣ አንዱ ያለ አግባብ ቢለውጥ የሌሎቹ መሥመር ያጋልጠዋል። የሚያጋልጠው ግን ሰሚው ሥራውን የሚያውቅ እንደሆነ ብቻ ነው። የሶማሊ ገጣሚ ዕድለኛ ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ዳኛው ነው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሰማ ሰው ፊት እንጫወታለን። ቢቆረጥ፣ ቢጨመር፣ ቢፈጥን፣ የሚያውቅብን የለም። አደራ የሚፈተነው እንግዲህ ተቆጣጣሪ በሌለበት ስፍራ ነው።

፮. ነገ የእኛ ኖታ

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለፈረንጅ ሙታን ነው?» የሚል ቢኖር፣ መልሴ ጉዳዩ በቀጥታ የእኛው ነው የሚል ነው።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ «ኮቱራሲያ» የተባለውን ሥራ የደረሱት ለፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ለኮቶ ነው። ኮቶ የጃፓን የክር መሣሪያ ነው። አሸናፊ በ1998 አርፈዋል። ነገ አንዲት ጃፓናዊት የኮቶ ተጫዋች ይህን ሥራ ብታነሣ፣ በእርሷና በኢትዮጵያዊው ደራሲ መካከል ከወረቀቱ በቀር ድልድይ የለም። «ይህ ቦታ ለጆሮዬ እንግዳ ነው» ብላ ብታስተካክለው ምን እንላለን?

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣሉ። እማሆይ በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸውን በጀርመን አሳተሙ፤ በ2013 የሥራዎቻቸው ኖታ በኢየሩሳሌም በመጽሐፍ ወጣ፤ በ2023 በዚያው ከተማ ዐረፉ። አጨዋወታቸውን የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምቱ እንደ ልብ ትርታ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይቸኩላል። ይህን ሁሉ በኖታ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ኖታውን በሜትሮኖም ቆጥሮ የሚጫወት ሰው ያጠፋዋል፤ «ነፃ ነው» ብሎ ከሌላ አገር ልማድ ያሻውን የሚጨምርበትም እንዲሁ ያጠፋዋል። ትክክለኛው ተጫዋች የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ቅኝቶቻችንን በጆሮው ፈልጎ ወደ ወረቀቱ የሚመለስ ነው። የፒያኖ ደራሲው ግርማ ይፍራሸዋ ሥራዎችም፣ ወደፊት ወጣቶቻችን ለኳርቴት የሚጽፏቸውም ይህንኑ ዓይነት ተጫዋች ይጠብቃሉ።

ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በኖታ ጽፈን ለዓለም የምንሰጥ ከሆነ፣ ተቀባዩ እንዲያከብራቸው የምንጠይቅበት ሥልጣን የሚኖረን እኛ የሌላውን ስናከብር ብቻ ነው። በራሳችን መካከልም ቢሆን የደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም ሳይጠሩ ሥራ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል። የሶማሊ ቃል ያዥ ያለ ፊደል የጠበቀውን ሥርዓት እኛ ማተሚያ ቤት እያለን ማጉደላችን ሊያሳስበን ይገባል።

፯. ለሥራ የሚጠቅሙ አሳቦች

ለመምህራንና ለተጫዋቾች የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የግል ኖታውን ብቻ ሳይሆን የአራቱንም ድምፅ የያዘውን ሙሉ ኖታ ያንብብ። የጓደኛውን መሥመር የማያውቅ ሰው የራሱን «ለስላሳ» ልክ ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛ፣ በልምምድ ጊዜ ክርክር ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተጽፏል?» ይሁን፤ ሁለተኛው «የጻፈው ማን ነው፤ ደራሲው ወይስ አራሚው?»፤ ሦስተኛው «ለምን ጻፈው?»። «እኔ ምን ይሰማኛል?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ ቦታ አለው፤ ተራው ግን ከሦስቱ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ አስቸጋሪው ምልክት በመጀመሪያ እንደተጻፈ ይሞከር፤ አንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ቀን። የማይቻል የመሰለው ብዙ ነገር ያልለመድነው ብቻ ሆኖ ይገኛል። የመድገሚያ ምልክትም ጊዜ ለማሳጠር ተብሎ በዘፈቀደ አይዘለል፤ የሥራው ሚዛን በእርሱ ላይ ሊቆም ይችላልና።

አራተኛ፣ መለወጥ ግድ ሲሆን ለውጡ ይነገር። ቪዮላ የሚጫወት ሰው ጠፍቶ መሥመሩ ለሌላ መሣሪያ ቢሰጥ፣ አንድ ክፍል ቢቀነስ፣ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይጻፍ። በችግር ምክንያት የተለወጠ ሥራ ጨርሶ ካልተሰማ ሥራ ይሻላል፤ በዚህ አላፍርም። ነገር ግን የዚህ ከተማ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ዕቃ ኮንትሮባንድ የሚሆነው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ያልተነገረለት ስለሆነ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

በአማርኛ ከከባድ ስድቦች አንዱ «አደራ በላ» የሚለው ነው። ሌባ ያላመነውን ሰው ንብረት ይወስዳል፤ አደራ በላ ግን አምኖ የሰጠውን ይክዳል። የሙዚቃ ደራሲ ማያውቀው አገር፣ ማያውቀው ዘመን ላይ ለሚኖር ተጫዋች ወረቀት ሲተው ያለ ምስክርና ያለ ዋስ ያምነዋል። ያን ወረቀት በፊታችን ዘርግተን ቀስት ባነሣን ቁጥር የታመንነው እኛ ነን። ታማኝነታችንም ስሜታችንን አያስርም፤ ስሜታችን የት ላይ እንደሚያስፈልግ ያሳየናል እንጂ።